«ጤፉ ከጎጃም ነው የመጣው»፦ ኩርባ ለሳለችው ተማሪ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ግሬዴ ጥሩ ነው፤ ቸካይ ነኝ። ለዕረፍት ቤት ስሄድ ግን እህል ነጋዴው አባቴ ጉድ ሠራኝ። ‹ዶላር ተለቀቀ ሲባል ጤፍ ጨመረ። ጤፉ ከጎጃም ነው የመጣው፣ ከአሜሪካ አይደለም። እስቲ የተማርሽውን ንገሪኝ› አለኝ። የፍላጎትና የአቅርቦት ኩርባ ሳልኩለት። አይቶ አይቶ ‹ቆንጆ ሥዕል ነው› አለና ሻዩን ጠጣ። ስመለስ መምህራችንን ጠየቅሁት፤ ‹ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም› አለኝ። ፍሬሽ እያለሁ ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባለውን ኮርስ ኤ ነው ያመጣሁት፤ ማሰብ የተማርኩ ግን አይመስለኝም። የዶርም ጓደኞቼ ደግሞ ‹ኢኮኖሚክስ ከገባሽ ወዲህ ሁሉን ነገር በብር ነው የምትተምኝው› ይሉኛል። ዲፓርትመንት ልቀይር? — ኩርባ የሳለችው»

እህቴ፣ አባትሽ የጠየቁሽ ጥያቄ ከሚድ ፈተናሽ ይከብዳል። ዲፓርትመንት የመቀየሩን ነገር ለጊዜው እናቆየውና መጀመሪያ ለእሳቸው መልስ እንፈልግ። የማሰቡ ነገር እዚያው ውስጥ ይመጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ ወደ 74 ብር ዘለለ። ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ጤፍም ጨመረ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሁለቱን አያይዞ «ዶላሩ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ኤ ያመጣሽበትን ኮርስ አስታውሺ። «ከእሱ በኋላ ሆነ፣ ስለዚህ በእሱ ምክንያት ሆነ» የሚል የአስተሳሰብ ስሕተት ነበር። የላቲን ስሙን ሸምድደሻል፤ ፈተናው ላይ በትክክል አክብበሻል። አባትሽ ፊት ለፊት ሲያመጡት ግን አላወቅሽውም፤ «ከሚከተሉት የትኛው ነው?» ብሎ ስላልመጣ። እሳቸው ኮርሱን ሳይወስዱ አውቀውታል። «ጤፉ ከጎጃም ነው» ያሉሽ፣ ዶላሩና ጤፉ የት ላይ እንደሚገናኙ አሳዪኝ ማለታቸው ነው።

እስቲ መገናኛዎቹን እንፈልግ። የመጀመሪያው ነዳጅ ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፤ ጤፉ ደግሞ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ሁለተኛው ማዳበሪያ ነው፤ እሱም በዶላር ነው የሚገዛው። ሦስተኛው ሩዝ ነው። ብዙ እንጀራ ጋጋሪ ከጤፉ ጋር ሩዝ ትቀላቅላለች። ከውጭ የሚገባው ሩዝ ሲወደድ ድብልቁ ላይ ጤፉ ይበዛል፣ ጤፍ ፈላጊም ይበዛል። አራተኛው የሰው ግምት ነው። ገበሬውም ነጋዴውም «ነገ ይጨምራል» ካለ ዛሬ አይሸጥም። (ይህንን አባትሽ ሲሰሙ ትንሽ ቅር ሊላቸው ይችላል። በቀስታ አንሺው።) አምስተኛው ከዶላሩ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ክረምት ነው። አዲሱ ምርት እስኪደርስ ነሐሴና መስከረም ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ነው። የመንገድ ጸጥታ ችግርና በየኬላው የሚከፈለውም አለ። በኢኮኖሚው ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ መብዛቱም አለ።

እዚህ ድረስ ማንም ተማሪ ይደርሳል። ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰውም ይደርሳል። ፈተና ላይ አምስቱን ዘርዝረሽ ሙሉ ነጥብ ታገኛለሽ፤ አባትሽ ግን ገና ምንም አላገኙም። «ብዙ ምክንያቶች አሉት» የሚል መልስ ምንም እንዳለማወቅ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ቀጥሎ ነው። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ቢሆን ኖሮ ገበያው ላይ ምን ይታይ ነበር? ነዳጁ ከሆነ፣ ከሩቅ የሚመጣው ጤፍ ከቅርቡ ይበልጥ መጨመር አለበት። ሩዙ ከሆነ፣ ሩዙ ቀድሞ ተወድዶ ጤፉ መከተል አለበት። ማዳበሪያው ከሆነ ጊዜው አይገጥምም። ማዳበሪያ ከወራት በፊት ተገዝቶ የሚገባ ነው፤ በነሐሴ የሚሸጠው ጤፍ ደግሞ ባለፈው ዓመት ማዳበሪያ የበቀለ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው በግምት በኩል ካልሆነ በቀር የነሐሴን ዋጋ ሊያስጨምር አይችልም። ወቅቱ ከሆነ በ2015ም በ2014ም ነሐሴ ላይ ተመሳሳይ ጭማሪ መኖር ነበረበት። አባትሽ የሒሳብ ደብተር ካላቸው አውጥተሽ ማየት ትችያለሽ። ከየት አውራጃ የመጣው በስንት እንደተገዛ፣ በየትኛው ሳምንት ስንት ኩንታል እንደገባ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። አንቺ ጥያቄው አለሽ፣ እሳቸው መረጃው አላቸው።

አሁን ወደ ኩርባሽ እንመለስ። ኩርባሽ ልክ ነበር፤ ችግሩ ስለሽው መቆምሽ ነው። ዋጋ በሁለት መንገድ ይጨምራል። ወይ አቅርቦቱ ቀንሶ ነው፣ ወይ ፍላጎቱ ጨምሮ ነው። ዋጋውን ብቻ አይቶ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም፤ በሁለቱም ይጨምራልና። የሚለያቸው መጠኑ ነው። አቅርቦቱ ከቀነሰ የሚሸጠው ኩንታል ይቀንሳል። ፍላጎቱ ከጨመረ ኩንታሉም ይጨምራል። ስለዚህ አባትሽን «ያኔ ዋጋው ሲጨምር ብዙ ነው የሸጥከው ወይስ ትንሽ?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ኖሮ ሻዩን ትተው ያናግሩሽ ነበር።

ሌላም የሚያምር ነገር አለ። ዶላሩ ከመለቀቁ በፊት ጥቁር ገበያው ከባንኩ እጥፍ ገደማ ነበር። ስልክ አስመጪው ብዙውን ጊዜ ዶላሩን ከዚያ ነበር የሚያገኘው፤ ዕቃውንም በዚያ ሒሳብ ነበር የሚሸጠው። ስለዚህ የባንኩ ዋጋ ሲዘል እሱ ላይ የወረደው ጫና ያን ያህል ትልቅ መሆን አልነበረበትም። በባንክ ዋጋ ይገዙ የነበሩት ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ናቸው ዱላው የሚያርፍባቸው። የእነሱንም ቢሆን መንግሥት በድጎማ ለማለዘብ ሞክሯል። አሁን «ዶላሩ ነው» የሚለው መልስ ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ ይታይሻል። የትኛው ዶላር? ለየትኛው ዕቃ? የእኔ ግምት ከተፈለገ፣ ለጤፉ ወቅቱና የሰው ግምት ከሚወራላቸው በላይ ድርሻ ነበራቸው እላለሁ። የአባትሽ ደብተር ይህንን ካፈረሰው ግን ደብተሩን እመኚ።

መምህርሽ «ፈተና ላይ አይመጣም» ያለሽ ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ምዕራፉ አላለቀም፣ ደመወዙም አያወላዳም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ፤ እሱም የምርጫ ጥያቄ ነው። የዲፓርትመንቱ ስም የሚነሳው ስንቱ አለፈ በሚለው ነው። በዚህ ሁኔታ የሚያስተምር ሰው የተከበበ መልስ ቢያሸመድድ አልፈርድበትም። ግን ውጤቱን አንቺ ነሽ የምትሸከሚው። የተሰጡሽ መደምደሚያዎች ናቸው። ወደዚያ ያደረሰው ጭቅጭቅ ሃንድአውቱ ውስጥ አልገባም።

እኔ የምመክርሽ ዋናው ነገርም ይኸው ነው፤ ከምትማሪው ከእያንዳንዱ መደምደሚያ ጀርባ ያለውን ጭቅጭቅ ፈልጊ። ማን ተቃወመው? በምን ማስረጃ? ምን ሆኖ ቢገኝ ይወድቅ ነበር?

ይህን የምልሽ ከአንድ የአገራችን ነገር ተነስቼ ነው። በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገቡ ታላላቆችሽን ጠይቂ። የማርክሲስት ፖለቲካል ኢኮኖሚ ይማሩ ነበር። ትርፍ እሴት፣ የምርት ግንኙነት፣ የማይቀረው የካፒታሊዝም ውድቀት። ሸምድደው ተፈተኑ። መንግሥት ሲቀየር ሃንድአውቱም ተቀየረ፤ አሁን የሚሸመደደው የገበያ ሚዛን ነው። መጽሐፉ ተገላበጠ፣ የአጠናን ዘዴው ግን እንዳለ ቀረ። ሁለቱም ውስጥ ቁም ነገር አለ፤ ሁለቱም ያለ ተቃዋሚያቸው ሲሰጡ ግን የሃይማኖት ትምህርት ይመስላሉ።

አንድ የሠራ ጭቅጭቅ ልንገርሽ። የዋጋ ወለል የሚለውን ምዕራፍ ተምረሻል። መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ከገበያው በላይ ሲወስን ሥራ አጥ ይበዛል ይላል። ሥዕሉም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1992 በአሜሪካ የኒው ጀርዚ ግዛት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ዶላር ወደ 5.05 ከፍ አደረገች። ጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ አልነካችውም። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በኒው ጀርዚና በፔንሲልቫኒያ ምሥራቃዊ ክፍል ያሉ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። በኒው ጀርዚ ሥራው ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ አልቀነሰም።

ቀላል ሐሳብ ነው። ኒው ጀርዚን ብቻ ቢያዩ ኖሮ ምንም ማለት አይቻልም ነበር፤ ያን ዓመት የተለወጠው ደመወዙ ብቻ አይደለማ። ድንበሩን ተሻግረው ማወዳደሪያ አገኙ። ለጤፉም ያለፈውን ዓመት ነሐሴ ያየነው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሌሎች ኢኮኖሚስቶች በስልክ የተጠየቀ መረጃ አይታመንም ብለው የደመወዝ መዝገብ ሰብስበው ተቃራኒውን አገኙ። እነ ካርድ ደግሞ በመንግሥት መረጃ መለሱላቸው። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ካርድ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ክሩገር በሕይወት አልነበረም።

እኛ አገር ለግል ድርጅት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን አይወሰን የሚለው ክርክር ስንት ዓመቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። በዚህ ጉዳይ አንድ ሰው ኩርባውን ስሎ «ሥራ አጥ ይበዛል» ሲልሽ «የት ታየ? ከምን ጋር ተወዳድሮ?» ማለት ትችያለሽ። ሌላው «ጭማሪ ማንንም አይጎዳም» ሲልሽም ያንኑ ትጠይቂዋለሽ። የኒው ጀርዚ በርገር ቤት የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አይደለም። ለአንዱ ወገን ብቻ የሚሠራ ጥርጣሬ ደጋፊነት ነው።

«እኔ ማን ነኝና ትልልቅ ሰዎችን የምጠይቅ?» እንዳትዪኝ ደግሞ ይህንን ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ታዋቂ ኢኮኖሚስቶች አንድ ጽሑፍ አወጡ። የአገር ዕዳ ከጠቅላላ ምርቱ 90 ከመቶ ሲያልፍ ዕድገቱ በእጅጉ ይወርዳል የሚል ነበር። ባቀረቡት ሰንጠረዥ የእነዚያ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች፣ 0.1 ከመቶ ቅናሽ ነበር። ጊዜው አውሮፓ በዕዳ የምትጨነቅበት ስለነበር ፖለቲከኞች ጽሑፉን እየጠቀሱ በጀት ይቆርጡ ጀመር።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የሚማር ቶማስ ኸርንደን የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ የቤት ሥራ ተሰጠው። አንድ የታወቀ ጥናት መርጠህ ውጤቱን ራስህ ደግመህ አውጣ የሚል። ይህንን መረጠ። ሒሳቡ አልመጣለትም። ደጋግሞ ሠራው፣ አሁንም አልመጣለትም። መምህራኑ መጀመሪያ የተሳሳተው እሱ ነው ብለው አሰቡ። በመጨረሻ ለጸሐፊዎቹ ጻፈና የኤክሴል ፋይላቸውን ጠየቀ። ላኩለት። ከፍቶ ሲያይ አማካዩን የሚያወጣው ፎርሙላ አምስት አገሮችን ዘልሏል። ከአውስትራሊያ እስከ ዴንማርክ በፊደል ተራ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሌላም ነበረ፤ የተተዉ ዓመታትና ለእያንዳንዱ አገር የተሰጠው ክብደት። ከመምህራኑ ጋር አስተካክሎ ሲያወጣው የ0.1 ቅናሽ የተባለው 2.2 ከመቶ ዕድገት ሆነ። ይህ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ትልቅ ጉድ ሆነ።

ከታሪኩ ውስጥ ሰው የሚወደው የኤክሴሉን ስሕተት ነው፤ ታላቁን ያንገዳገደ ተማሪ። እኔ የምወደው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ጸሐፊዎቹ የፎርሙላውን ስሕተት አመኑ፤ ዕዳ ሲበዛ ዕድገት ዝቅ የማለቱ ነገር ግን ተስተካክሎም ይታያል ብለው ተከራከሩ። ሌሎች ደግሞ ጠየቁ፦ ዕዳው ነው ዕድገቱን የሚያወርደው፣ ወይስ ዕድገቱ ሲወርድ ነው ዕዳው የሚከመረው? ይህ ከኤክሴሉ የከበደ ጥያቄ ነው፤ ላፕቶፕም አይፈልግም። ማንም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሊጠይቀው ይችላል። ስለ እኛ አገር ዕዳ የሚወራውን ስትሰሚም ጠይቂው።

ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ ሲመጡ «ሒሳቡን ላልፈው» ብለሽ አትያዣቸው። ሌሎቹ ኮርሶች ምን እንደሚባል ይነግሩሻል። እነዚህ ሁለቱ የተባለውን እንዴት እንደምትፈትሺ ነው የሚያሳዩሽ። ከሁሉ በላይ ቸክለሽ ሳይሆን ሠርተሽ ማጥናት ያለብሽም እነሱን ነው።

ወደ ዶርም ጓደኞችሽ ልሂድ። «ሁሉን በብር ትተምኛለሽ» ያሉሽን ቀልድ ነው ብለሽ አትለፊው፤ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ጀራልድ ማርዌልና ሩት ኤምስ ሰዎች ለጋራ ኪስ ገንዘብ የሚያዋጡበት ሙከራ ሠሩ። ሌሎች ተሳታፊዎች ግማሽ ገደማውን አዋጡ። የኢኮኖሚክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች 20 ከመቶ ብቻ። በ1993 ደግሞ ሮበርት ፍራንክና ባልደረቦቹ ሁለት ሰዎች መተባበር ወይም መካካድ የሚችሉበትን ጨዋታ ተማሪዎችን አጫወቱ። ከኢኮኖሚክስ ተማሪዎች 60 ከመቶው ከዳ፤ ከሌሎቹ 39 ከመቶ ያህሉ።

እንግዲህ አሁን ፈተናሽ። ይህ ኢኮኖሚክስ ሰውን ራስ ወዳድ ያደርጋል ማለት ነው? ወይስ ራስ ወዳድ የሆነ ሰው ኢኮኖሚክስ ይመርጣል? ወይስ ተማሪዎቹ ጨዋታውን ቀድመው በክፍል ስለተማሩት «ትክክለኛው መልስ» ብለው ያሰቡትን ነው የመለሱት? ቁጥሩ ለሦስቱም ይገጥማል። ምን ዓይነት ጥናት ይለያቸዋል ብለሽ አስቢበት። (ፍንጭ፦ እኛ አገር ብዙ ተማሪ ኢኮኖሚክስ የሚገባው ወድዶ ሳይሆን ተመድቦ ነው። ለተመራማሪ ይህ ወርቅ ነው።)

እስከዚያው ግን እናትሽ ያሉበትን እድር ተመልከቺ። ክፍል ውስጥ የጋራ ጥቅም ላይ ሁሉም በሌላው ትከሻ መጓዝ ስለሚፈልግ ነገሩ ይፈርሳል ተብለሻል። እድር ለምን አልፈረሰም? ሰው ደግ ስለሆነ ብቻ ነው? አይደለም። የወር መዋጮ አለ፣ ስም ይጠራል፣ ቀብር ያልመጣ ይቀጣል፣ ዳኛው ጎረቤትሽ ነው፣ ጸሐፊው ሁሉንም ይመዘግባል። ድንኳኑና ድስቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ደንቡንም ያወጡት ራሳቸው አባላቱ ናቸው። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት እንዲህ ያሉ ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸውን የጋራ ነገሮች፣ ግጦሽ፣ መስኖ፣ ዓሣ ማጥመጃ፣ ዕድሜ ልኳን አጠናች። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ የተማረችው ደግሞ ፖለቲካል ሳይንስ ነው። የምትማሪው ንድፈ ሐሳብ እድርን ካላስረዳ፣ ወይ ንድፈ ሐሳቡ የጎደለው አለ ወይ እድሩ ውስጥ ያላየሽው ነገር አለ። ሁለቱም መፈለግ ያለባቸው ናቸው። ጓደኞችሽን ግን አንድ ቀን ሒሳብ ሳትይዢ ሻይ ጋብዣቸው። ይሄ የጥናት ምክር አይደለም።

በተረፈ ጥቂት የዕለት ተዕለት ነገሮች። ፈተና ላይ የተጠየቅሽውን መልሺ። እዚያ ላይ ጀግና መሆን አያስፈልግም፤ ግሬድሽ ዳቦሽ ነው። መምህርን በክፍል ፊት አትሞግቺ፤ የሚከላከልለት ክብር ይኖረዋል። ቢሮው ሂጂና «መምህር፣ ይህ የማይሠራበት ሁኔታ አለ?» በይ። ይህችን ጥያቄ ብዙ መምህራን ይወዷታል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠይቃቸው አጥተው ነው። ከጓደኞችሽ ጋር ስታጠኑ በየተራ አንዳችሁ ተቃዋሚ ሁኑ፤ ተቃዋሚው ባያምንበትም ይከራከር። ቻትጂፒቲን ከተጠቀምሽም መልስ ከመጠየቅ ይልቅ የራስሽን መልስ አሳይተሽ እንዲያፈርስልሽ አድርጊ፤ ያፈረሰውንም አትመኚ፣ አጣሪ።

የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የዋጋ ግሽበት ቁጥር መከታተል ጀምሪ። ሲነበብ «የማን ቅርጫት ነው?» በይ። በዚያ ቅርጫት ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ይይዛል። የአንቺ ወጪ፣ የአባትሽ ወጪና አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ወጪ አንድ ዓይነት አይደለም። ግሽበቱ ቀነሰ ሲባል ዋጋ ቀነሰ ማለት እንዳልሆነም ዶርም ውስጥ ስንቱ እንደሚያውቀው ጠይቂ። ተርም ፔፐር ሲመጣ ርዕስ ፍለጋ ቴሌግራም ላይ አትዙሪ። የአባትሽ ደብተርና የአገልግሎቱ ቁጥር የት ይለያያሉ የሚለው ብቻውን ወረቀት ይወጣዋል።

ቅር ያለሽ ብቻሽን አይደለሽም። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ በኋላ የያኔዋ የእንግሊዝ ንግሥት ለንደን ያለ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሄደው «እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ?» ብለው ጠየቁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተማሪዎች ከመግቢያ ኮርሳቸው ረግጠው ወጡ። በማንቸስተር ተማሪዎች ተደራጅተው ሥርዓተ ትምህርቱ ይቀየር አሉ። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት መካከል ኮር የሚባለው መማሪያ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ዋይፋዩ ደህና በሆነበት ቀን አውርጂው። ከትክክለኛ አገሮችና ከትክክለኛ ቁጥሮች ይነሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ኢትዮጵያ ጥሬ ዕቃ እየሸጠች የተሠራ ዕቃ እየገዛች እንዴት እንደምትጎዳ በአማርኛ ጽፏል። ኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት አልነበረውም። ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ሸቀጥ ሲገባና ሲወጣ ያይ ነበር። ቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ ካለ አንብቢው፤ በሙሉ የምስማማበት ሆኖ አይደለም፣ ግን ተከራከሪው።

ዲፓርትመንቱን በዚህ ምክንያት አትቀይሪ። ሶሲዮሎጂም ሎውም ብትገቢ የሚጠብቅሽ ሃንድአውት አለ፤ «ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል መምህርም አይጠፋም። በአባትሽ ጥያቄ ሌሊቱን ስትገላበጪ ካደርሽ ኢኮኖሚክስ የአንቺ ነው። መቀየር ያለብሽ ጥያቄው ራሱ ደስ የማይልሽ ከሆነና ሌላ ነገር የሚያስቀናሽ ከሆነ ነው። ምናልባት ደግሞ የደበቅሽኝ ነገር ካለ፣ ሒሳቡ ከብዶሽ ከሆነ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መፍትሔም አለው። የትኛው ኮርስ ላይ እንደሆነ ጨምረሽ ጻፊልኝ።